ቤት አይመታም

የኪራዩ ውል ላይ፣ ከገጽ ሰባት ግርጌ፣
ፊርማዬ ተኝቷል ወድጄ ፈልጌ፤
«ምስማር አይመታም፣ አይበሳም ግድግዳ፤
ቀለም ቢላጥ እንኳ ይጻፋል በዕዳ።»

ቤቱ ዳገት ላይ ነው፣ ስዋንዚ፣ ከባሕሩ በላይ፤
የሞባይል ኔትወርክ ያለው ደረጃው ጫፍ ላይ፣
አንድ እግር አንጠልጥሎ፣ አንገትን አስግጎ፤
እሱም ዝናብ ሲመጣ ይሸሻል አፈግፍጎ።

ለሌላ ሰው ቢሆን ድምፅ ይበቃው ነበር።
የኔ አባት ግን መስማት የተሳነው ነው፤
ኢድዊን፣ ሬክሰም የሚኖር፣ ጡረተኛ አናጺ፤
ቃሉ ጣቶቹ ናቸው፣ የጥያቄ ምልክቱ ቅንድቡ።
ስልክ ብደውል ማንን ላናግር ነው?
አባቴን ለመስማት ማየት አለብኝ።

ኩባንያው ቀን ቆረጠ፦ «ማክሰኞ፣
ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ሰባት።»
ከሥራ ቀረሁ፣ ደመወዜ ተቆርጦ፣
ጆሮዬ በሩ ላይ፣ ዓይኔ መንገድ ላይ አፍጥጦ፤
ሽንት ቤት እንኳ አልሄድኩም።
በስምንት ሰዓት መልእክት ገባ፦
«መጥተን ነበር፤ ቤት ውስጥ ሰው አላገኘንም።»
ክንዴን ዳሰስኩት፤ ፊቴን ነካሁት።
ሰው የነበርኩ መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀጠሮ ካለም መጣ፣
መሰርሰሪያ ይዞ፣ እርጥብ ጫማውን ጋዜጣ ላይ አቁሞ።
ግድግዳውን አንኳኳ፣ ሐኪም እንደሚመታ ደረት፤
«አንድ ቀዳዳ ናት» አለ፣ «የእርሳስ ውፍረት።
የባለቤቱ ፈቃድስ? በጽሑፍ?»

ሚስተር ፕሮሰር ያለው አሊካንቴ ነው፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፤
ኪራይ አንድ ቀን ስታልፍ ይጽፋል፣ ሌሊትም ነቅቶ።
አራት ደብዳቤ ጻፍኩለት። ለአምስተኛው መለሰ፦
«ይህ ቤት መቶ ዓመት አልፎታል። መሰርሰሪያ አይወድም።»
ካለም ሣጥኑን ዘጋ። «ያሳዝናል» አለ፤
ከልቡ ነበር መሰለኝ፤ ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የምሞነጫጭር ነኝ፤
ያን ሰሞን ግን እሱም እንደ ቤቱ ሆነብኝ።
መስመር እጀምራለሁ፤ መስመር አልገባልኝም።
ቤት ልመታ እላለሁ፤ ውሉ ትዝ ይለኛል።
የሰው ቤት ውስጥ ተቀምጦ
ቤት እንዴት ይመታል?

የካቲት ላይ ቁም ሣጥኑን ሳብኩ፣ ሻጋታ ልጠርግ ከኋላው።
ጨርቄ አንድ ቦታ ላይ ሰመጠ።
ማስቲካ። ቀለም የተቀባ ማስቲካ።
በእርሳስ ጫፍ ገፋሁት፤
ከማስቲካው ኋላ የታጠፈ ወረቀት፣ ከወረቀቱ ኋላ ነፋስ፣
ቀጭን፣ ጨው ጨው የሚል።
ከእኔ በፊት ማን ነበር እዚህ?
ማንን ሊያይ ነው በሌሊት የበሳው፣
ሲሄድም አኝኮ የደፈነው?
ባንክ እስከ ዛሬ የሚጽፍላት አንዲት ሚስ ሃርግሪቭስ አለች፤
«እዚህ አትኖርም» እያልኩ ነበር ፖስታዋን የምመልሰው።
አሁን ለአንዱ መሳቢያ ለቀቅኩላት።

ካለም ተመልሶ ቀዳዳዋን አየ፣ እኔን አየ፤
ምንም አልበሳ፣ ምንም አልጠየቀ።
ገመዱን እንደ ክር በመርፌ ዓይን አሾለከው።
«ቤቱ ራሱ ከፈቀደማ» አለ።
አራት አረንጓዴ መብራት፤ አንዱ ብልጭ ድርግም ይላል።

እሑድ ማታ አባቴ መጣ፣
ሹራቡን ገልብጦ ለብሶ፣ ለካሜራው በጣም ቀርቦ።
«አዲሱ» አለኝ በእጁ፤ ቀጥሎ ሁለት መዳፉን አንሥቶ
የጣቶቹን ጫፍ አጋጠመ። ጣራ ሆነ።
ግድግዳውን ወደ ታች ሊያወርድ ሲል
ምስሉ ቆመ።

ጣራ ብቻ።
በሁለት የአናጺ እጆች ላይ፣ የሚበሳ ጎን የሌለው፣
ፈቃድ የማይጠየቅበት።
መብራቱ ቀላ፤ አረንጓዴ ሆነ፤ ቀላ።
ያየኝ እንደሆነ አላውቅም፤
እጆቼን ከእጆቹ ሥር አንሥቼ
ግድግዳውን ጨረስኩለት።