በሁለት ደወል መሃል

ደወሉ ሲመታ ገመዱ ይወጠራል፤
አሳንሰሯ ሽቅብ ስትሳብ የቫልፓራይሶ ወደብ ያንሳል፣ ባሕሩ ይሰፋል።
ያለው ሰው ወርዶ፣ የሚወርደው እስኪሞላ
ሰባት ደቂቃ አለችኝ፣ የማይነካት ሌላ።

ዶን ኤርሞሄኔስ፣ የመርከብ ወጥ ቤት የነበሩ ሽማግሌ፣
ሐሙስ በመጣ ቁጥር፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ መጽሐፍ አይጠፋም ከእጅዎ ሁሌ።
ኪራዩ አንድ ነው፤ "እንዴት አገኘሽው?" ይሉኛል፤
ወጥ እንደሚቀምስ ሰው፣ ዓይንዎን ጨፍነው ያዳምጡኛል፤
ውሸት ከገባበት፣ "ጨው በዝቶበታል" ይሉኛል።

እንግዲህ እውነቱን።

ያ ጡብ የሚያክለው፣ ከፊቱ ካርታ ያለው፣
አሥራ አንድ መንግሥት፣ አርባ ንጉሥ፣ ሁሉም የወንድሙን ዙፋን የሚመኘው፣
ስም ከስም ተምታታብኝ። ለሞተው አልቅሼ ሳበቃ
ሦስት መቶኛው ገጽ ላይ ቁርስ ሲበላ አገኘሁት፤
ሟቹ ሌላ ኖሯል ለካ፤ እንባዬ ባከነ በቃ።
ዘንዶውስ? ዘንዶው እንደ ውል አዋዋይ ይናገራል፤
እሳት እስኪተፋ ድረስ አንባቢው በብርድ ያልቃል።
ግን አንዲት በረኛ አለች፣ የግንቡን በር የምትከፍት፣ የምትዘጋ፣
ስሟ ሁለቴ ብቻ የተጠራ፣ መዳፏ በቁልፍ ዝገት የተወጋ።
እሷን ደግሜ አነበብኳት፣ ገጹን ወደ ኋላ መልሼ፤
ስለ እሷ ቢያወራልኝ፣ አርባውን ንጉሥ በሸጥኳቸው ነበር፣ ዋጋ ቀንሼ።

ሁለተኛው፣ ጥቁሩ፣ ሽፋኑ ላይ ደም የሚንጠባጠብበት፣
በር ሲጢጥ ብሎ እስኪከፈት አርባ ገጽ ያለፈበት፣
"ምድር ቤት አትውረዱ" ተባሉ፤ ከዚህ በላይ ማን ይምከራቸው?
ሻማ ይዘው ወረዱ።
እኔም ከጭራቁ ጋር ወገንኩ፤ ይብላቸው! ይበላቸው!
ደግሞስ ጥርሱ ተቆጥሮ፣ ጥፍሩ ተለክቶ፣ ጠረኑ ሳይቀር ከተነገረ
ምኑ ያስፈራል፣ ዶን? የከብት ሐኪም ይበቃው ነበረ።

ሦስተኛውን አልጨረስኩም።
ጠንቋይዋ አፈቀረች፤ ከተማው እየተቃጠለ
ከንፈሯ እንጆሪ ይመስላል። ስድሳ ጊዜ ቆጠርኩ።
ጋዜጣውን ግን አነበብኩት፣ የተጠቀለለበትን፤ የዓሣ ዋጋ ጨምሯል።

አራተኛው...
ቀጭን ነው። ሽፋኑ ተገንጥሏል፤ የጻፈው ማን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም።
አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ብቻዋን ትኖራለች።
ማታ አንድ ሳህን ታቀርባለች፣ አንድ ሳህን ታጥባለች።
አንድ ቀን ጠዋት ብትነሣ፣
ሁለት ሳህን ታጥቦ ተደፍቷል።

በቃ። ጥርስ የለ፣ ደም የለ። እሷም አልጮኸችም፤
ሁለተኛውን ሳህን አንሥታ፣ ጠርጋ፣ ከቦታው መለሰችው፤
የዚያን ዕለት ማታ ግን ለሁለት ሰው ቀቀለች።

ደወሉ ሦስት ጊዜ ተደውሎ አልሰማሁም።
"ኤውዶሲያ! ሞተሻል?" ይላሉ ዓሣ ሻጮቹ ከታች፣ ቅርጫታቸው ዝናብ ጠጥቶ።
አወጣኋቸው። ተሳደቡ። ወረዱ።
ከዚያ ጉሙ መጣ፣ እንደ ሐምሌ ልማዱ፣ ባሕሩን ውጦ፣ ሐዲዱን ውጦ፤
ከታች አንድ ደወል።
ሳብኩ።
ሳጥኗ ባዶዋን መጣች፣ በሯ ገርበብ ብሎ።

ልጆች ናቸው፣ ደውለው የሚሮጡ፤ አውቃለሁ፤
በሃያ ዓመት መቶ ጊዜ ሆኗል፣ መቶ ጊዜም ረግሜያቸዋለሁ።
ያን ምሽት ግን ተነሥቼ በሩን በሰፊው ከፈትኩ፤
"እንደምን አመሹ" አልኩ።
ሳንቲምም አልጠየቅኩ።

እና አሁን "እንዴት አገኘሽው?" ይሉኛል።
ጨዉን እርስዎ ይቅመሱት። እኔ አልናገርም።
ጋዜጣው ውስጥ መልሼ ጠቅልየዋለሁ፣ በሲባጎም አሥሬዋለሁ፤
ከሳምንት በፊት ቤትዎ የነበረ ነገር ነውና፣ ይመለስልዎ።
የሚመጣው ሐሙስ ግን፣ እባክዎ፣
ካርታ ያለው ይሁንልኝ፤
ንጉሥ የበዛበት።