ግማሽ ኪኒን

የጀልባውን ሁሉ ስም ያውቅ ነበር ልጄ፣
በካስትሮ ወደብ፣ ተንጠልጥሎ በእጄ፤
«ቢጫዋ ሮሳልባ! ያቺ ጋቪዮታ!»
እያለ ሲያሳየኝ ከጠዋት እስከ ማታ፤
ያ የሚጥለው ነገር እስኪመጣ ድረስ፣
ዓይን እየገለበጠ፣ እያፋጨ ጥርስ።

አሁን አይወድቅም። አርባ አንድ ሌሊት፣
በከሰል ቆጠርኩት፣ ግድግዳው ላይ፣ በጭረት።

ግን «እማ፣ ጉንዳን» ይላል፣ ጣቱን እያራገፈ፤
ጉንዳን የለም።
ትናንት ባሕሩን አየ፤ አፉን ከፈተ፣ ቃሉ ጠፋው፦
«እማ፣ ያ... ውኃ ላይ... ያ የሚሄደው...»
«ጀልባ» ልለው ነበር። ዋጥኩት።
ኤላዲዮ ራሱ ያገኘው እንደሆን፣ ጠበቅኩት።

ሐኪሟ «ለጊዜው በግማሽ» ብላለች።
ማታ በቢላ ስከፍላት ኪኒኗ ተሰበረች፤
ስለቱ ላይ ቀረ ነጭ ዱቄት፣ ጥቂት፤
ስንት ጀልባ ይሆን? ወይስ ስንት ሌሊት?