ዘጠና ዘጠኝ

ወረቀቱ ስድስት ገጽ፣ ጥያቄው አርባ አራት፣
መልሱ ከቁጥር አያልፍም፣ ከአንድ እስከ ሰባት።
አንድ ማለት «በፍጹም»፣ ሰባት «እጅግ በጣም»፤
ከመሃል አራት አለች፦ «አይሞቀኝም አይበርደኝም»።

አቬሮ፣ ፖርቱጋል፤ ባሕሩ በግድብ ከሚተኛበት፣
ፀሐይ ውሃውን ጠጥታ ጨው ከምትተፋበት፣
ብስክሌቴን አስደግፌ ከመጋዘን ግድግዳ
ሴንዮር ቤልሚሮን አገኘሁ፣ ሲቧጥጡ ነጩን ሜዳ።
ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ባታቸው በጨው ነጥቷል።
«ደስታ ልለካ ነው» ብላቸው፣ «ሚዛንሽስ የታል?
ባዶ እጁን ለመለካት የሚመጣ ምን ይባላል?»

እስክሪብቶ ሰጠኋቸው።

«ሰው በበዛበት ስፍራ ደስ ይለኛል» ይላል አንደኛው፤
ተጫዋች ናቸው ወይስ ዝምተኛ፣ ሊያጣራ ነው።
«የትኛው ሰው?» አሉኝ። «ማንኛውም ሰው» አልኩ።
«ማንኛውም ሰው የሚባል በዕድሜዬ አላየሁ።
እህቴ ብቻዋን ስትመጣ፣ ስድስት በይኝ፤
ባሏን ካስከተለች፣ ከአንድ በታች ሣጥን ፈልጊልኝ።»
ፈገግ ብለው አቻቻሉት። አራትን ከበቧት።

«ብዙ ጊዜ እሰጋለሁ»፦
«ደመና ሲያረግዝ፣ እንዴታ!
የወር ጨው ውሃ ሆኖ ያድራል በአንድ ማታ።»
ይህንንም አራት።

መጽሐፋችን የሚለው፦ ሥጉ ሰው ደስታው የሳሳ፣
ተግባቢ ሰው የተረፈው። በቃሌ ነው፣ አልረሳ፤
በዚሁ ፈተና አልፌ ተጨብጭቦልኛል።
እኒህ ሰውዬ ግን ይሰጋሉ፣ ዝም ይላሉ፣
ደግሞም ያፏጫሉ።
ለማፏጨት ጥያቄ የለንም።

አርባ አራተኛው ላይ ስንደርስ፣ «ሁሉን በአንድ ላይ ሲያዩት፣
ደስተኛ ነዎት?» የሚለው ላይ፣ እስክሪብቶው ቆመ ድንገት።
ጎንበስ ብለው ከክምሩ እፍኝ ጨው አነሱና
«ይኸውልሽ» አሉ፣ «አሁን ቀትር ነው፣ ደርቋልና
ቀላል ነው። በማለዳ ጤዛ ብትመዝኚው ግን ይከብዳል፤
ጨው ጨምሮ እንዳይመስልሽ፤ ውሃው ነው የሚመዘነው።
ጨው ነጋዴ ሲምልልሽ ኪሎውን ተይው፣
ስንት ሰዓት እንደመዘነ መጀመሪያ ጠይቂው።»
ሣጥኖቹን ባዶ ትተው ወረቀቱን መለሱልኝ፤
እፍኙንም በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ።

ማታ ቁጥር አስገባሁ።
ለዝምታም ቁጥር አለን፤ መልስ ላልሰጠ ሰው
ዘጠና ዘጠኝ ይጻፋል፤ የሙያው ልማድ ነው።
ለማሽኑ ግን «ይህ ዝምታ ነው፣ አትቁጠረው» ማለት ረሳሁ፤
እሱም የነገሩትን አማኝ ነው፤ ቆጠረው። እኔም ተኛሁ።

ጧት ፕሮፌሰር ኡምቤሊና ስክሪኑን አይተው ሳቁ፦
«የጨው ሠራተኞችሽ ምን አግኝተው ነው እንዲህ የቦረቁ?»
ስድሳ አንድ ሰው፤ አማካይ፣ ስድስት ነጥብ ስድሳ አራት!
አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን፣ ከሰባት ሣጥን ወጥተው፣
መንደሩን በሙሉ ተሸክመውት አድረዋል፣ በትከሻቸው።

ኮምፒውተር አንቱ አያውቅም።
«ተራ ቁጥር ሠላሳ ስምንት፤ ይሰረዝ?» አለኝ።
ይሰረዝ።
አማካዩ አምስት ነጥብ አንድ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ፤
ተዛምዶው ተስተካከለ፤ ጽሑፉም ታተመ፣ ተሸለመ፤
በግርጌ ማስታወሻ፦ «የጎደለ መልስ፣ አንድ።»

ጥቅልሉ ከመስኮቴ ሥር ነው። ዝናብ ሊመጣ ሲል
ጋዜጣው ይረጥባል፤ ቀለሙ በጨው ላይ ይዋልላል።
ጣቴን ነክሬ እቀምሳለሁ፣ ሰዓቴን አይቼ።
አንዳንዴም ለማፏጨት እሞክራለሁ።
አልሆነልኝም፤ አየር ብቻ ነው የሚወጣው።