አሁን በይኝ

ከኪትማንስሁፕ ስንወጣ፣ ሰማዩ ገና ጤነኛ ነበር፤
ከወደ ምዕራብ ብቻ አንድ ጥቁር ነገር፣ እንደ ቡጉንጅ ሲቋጥር።
አባቴ ከጎኔ፣ ሁለት ዓይኑ ታሽጎ በነጭ ፋሻ፣
በጭኑ ላይ የሐኪም ወረቀት፣ በእጁ የደረቅ ዳቦ ጉርሻ።
«ውሃ እንዳይነካው» ብላለች ነርሷ፣ «አደራ፣ ሦስት ቀን ሙሉ»፤
ውሃ! እኛ ጋ ፍየሎች ከጥማት ብዛት ድንጋይ ሲልሱ እየዋሉ።

መኪናዋ የአጎቴ ናት፤ አንድ የዝናብ መጥረጊያ ብቻ አላት፣
እሱንም ከአባቴ በኩል ነቅዬ፣ በእኔ በኩል የገጠምኩላት።
«አንተ ምን ታደርግበታለህ» ብለው፣ ሳቀና «ልክ ነሽ» አለኝ፤
ድሮ ቀልድ አይወድም፤ ያ ሳቁ ነው የከነከነኝ።

ከዚያ ነፋሱ መጣ።
አሸዋው መንገዱን እንደ ጭስ ተሻገረ፤ አጥሩ ላይ ፌስታል ተንጫጫ፤
ቀኑ በዐሥር ሰዓት መሸ።
ስገልጥ ነጭ፣ ስጨፍን ነጭ፤
መሪው በላብ መዳፌ ውስጥ ሲያሟልጭ።

«ምን አየሽ?» አለኝ።
«ምንም። ትንሽ ደመና ነው።»
«የክንዴ ፀጉር ቆሟል፣ ሄንድሪና። ዋሽተሽ የምታተርፊው ምንድን ነው?»

ልጅ ሳለሁ፣ ከቆርቆሮው ጣራ ሥር፣ ፍርሃቴን ያስቆጥረኝ ነበር፤
ከብልጭታው እስከ ድምፁ፣ ሲሆን ሃያ፣ ሲሆን ዐሥር።
«ቁጥሩ ካደገ እየሄደ ነው፤ ካነሰ ወደኛ ነው» እያለ።
ዛሬ ለዓይኑ ብልጭታ የለም፤ ለጆሮው ድምፁ ብቻ አለ።
«ሲበርቅ አሁን በይኝ» አለ፣ «ቁጥሩን ለኔ ተይው፤
አንቺ መንገዱን ያዢ፤ የሰማዩን ሒሳብ እኔ ልየው።»

አሁን።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣
አሁን።
አንድ፣ ሁለት፣
አሁን።
አንድም ሳይል ሰማዩ በጣራችን ላይ ተናደ፤
በስተግራ የስልክ እንጨት፣ እንደ ክብሪት ቆሞ ነደደ።
በረዶው ወረደ። መጥረጊያው አንዴ ተወዛወዘና ቆመ።
እግዚአብሔርን ጠራሁት፤ ከዚያ አጎቴን ከነመኪናው ረገምኩት፤
ከዚያ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ማንን እንደሆነ ግን አላወቅሁት።

በአቋራጩ ኮንኪፕ ወንዝ ጋ ደረስን። ወንዝ የምንለው በስሙ ነው፤
ዓመት እስከ ዓመት አሸዋ፣ የአህያ ዱካ፣ የጠርሙስ ስብርባሪ ነው።
ማርሽ ቀየርኩ፣ ልሻገር። «ሞተሩን አጥፊ» አለ። አጠፋሁ።
«ስሚ።» «ዝናቡን?» «አይ፣ ከሥር ያለውን።» ሰማሁ፤
ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲንከባለል፣ ተኝቶ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሰው።
ጎርፉ መጣ፣ እሾህ ለብሶ፣ አረፋ ደፍቶ፣ ሳይቸኩል፤
የአጥር እንጨት፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ የአንድ ፍየል ግማሽ አካል።
እኔ ልረግጠው የነበረው ቦታ፣ ከጎማዬ አራት ክንድ ፊት፣
ሲያገሳ ቆየ እስከ እኩለ ሌሊት።

አባቴ መስኮቱን አውርዶ እጁን አወጣ፤
ዝናቡን በመዳፉ መዘነው፣ እንደ ቆዳ ነጋዴ፣ ደጋግሞ።
«ፋሻህ! ነርሷ እኮ...»
«ነርሷ የዊንድሁክ ልጅ ናት» አለኝ። «እሷ ሦስት ዓመት አልጠበቀችም።»
እኔ ነፍሴን በጥርሴ ስይዝ፣
እሱ እንግዳ ሲቀበል ነው ያመሸ።

ቤት ስንደርስ ዶሮ ሊጮህ ነው። የወጥ ቤቱ ጣራ ግማሹ የለም፤
ባልዲው ሞልቷል፣ አልጋዬ ረጥቧል፤ ማናችንም ምንም አላልንም።
ፋሻውን ቀየርኩለት። ጋደም አለ። ሻማውን አጠፋሁ።
ከምሥራቅ፣ በጣም ርቆ፣ አንድ ብልጭታ ግድግዳውን ሲዳስስ አየሁ።
«አሁን» አልኩ፣ እንዳልቀሰቅሰው፣ በሹክሹክታ።
«አንድ» አለ ከጨለማው ውስጥ፤ «ሁለት» አለ፣ በዝግታ።
ዐሥራ ዘጠኝ ላይ ትንፋሹ ከበደ፤ ቁጥሩን ጥሎ አንቀላፋ።
ሃያን እኔ አልኩ፤ ሃያ አንድን፤
ነጎድጓዱን ስጠብቅ፣
ባልዲው ውስጥ ጠብ አለ።