በነጥብ የሚጀምር ጓዳ

ሙሐረቅ ላይ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት አልፎ፣
የመርከብ ወኪሉ ቢሮ በሩ ተቆልፎ፣
ወለሉን ጨርሼ፣ ባልዲዬን ደፍቼ፣
ካሮጌው ኮምፒውተር ፊት አለሁ ተጎልቼ።

ቢጁ ነው የሰጠኝ፣ ያ የኬራላ ሰው፣
ከመጣያ አንሥቶ ሊኑክስ የጫነው።
"ሰዓዳ" ብሎ በስሜ መግቢያ ከፈተልኝ፤
ዋናውን ቃል ግን፣ የአስተዳዳሪውን፣ ከለከለኝ።
"ቅር አይበልሽ" አለ፣ "እኔም በአደራ ነው የያዝኩት።"

የፈለግኩት ትንሽ፤ የሀገሬ ፊደል።
ስልኬ ባልዲ ገብቶ ከሞተብኝ ወዲህ
እህቴ ከሐርቡ የምትጽፍልኝ ቃል
እዚህ ሲደርስ ሣጥን ነው፣ ባዶ ሣጥን በረድፍ፣
እንደ ወደብ ኮንቴይነር ታሽጎ የሚያልፍ።

ትእዛዙን ጻፍኩ፤ መለሰልኝ ቶሎ፣
"ፈቃድ የለሽም፤ ይህ ይመዘገባል" ብሎ።
ደነገጥኩ።
ይህን ዓረፍተ ነገር ከማዳም ቤት አውቀዋለሁ፤
ፍሪጅ ስከፍት፣ በረንዳ ስወጣ፣ ሰምቼዋለሁ።

ጠዋት ለቢጁ ነገርኩት፤ ሳቀ፤ ሻዩን ቀዳ፤
"ጣሪያውን ለምን ትነኪያለሽ? አለሽ የራስሽ ጓዳ።
ስሙ በነጥብ ይጀምራል፤ ለዓይን አይታይም፤
እዚያ ያኖርሽው ነገር ሌላውን አይነካም፤
ቢበላሽም ያንቺው ነው፣ ቤቱ አይፈርስም።
ብቻ ከየት እንዳመጣሽው እወቂ ምንጩን፤
ከመክፈትሽ በፊት አመሳክሪ ቁጥሩን።"

ስድሳ አራት ምልክት። ፊደልና አኃዝ።
እንደ ሙስበሃ ፍሬ ጣቴ አንድ ባንድ ሲይዝ።
የመጀመሪያው አልገጠመም፤ መስመሩ ተቋርጦ
ፋይሉ ደርሶ ኖሯል ግማሹ ተቆርጦ።
ሰረዝኩት። ደግሜ አወረድኩ። ገጠመ፤
እስከ መጨረሻው፣ ዘጠኝ ላይ አከተመ።

ያኔ ነው ውሌ ትዝ ያለኝ።
ደላላው "ፈርሚ" ሲለኝ፣ ኮምቦልቻ ላይ፣
መቶ ሃያ ዲናር ነበር በዓይኔ የማይ፤
እዚህ ሲገለጥ ሰባ።
ማን አመሳከረልኝ? የቱን ከየቱ ጋር?
ወረቀቱ መንገድ ላይ ሲቀየር
ማኅተሙ አልተነካም ነበር።

ፊደሉን ከጓዳዬ፣ ከነጥቧ ሥር አኖርኩ።
የማንንም በር ሳልገፋ፣ ቁልፍ ሳልሰርቅ፣
የነኢማን መልእክት ከፈትኩ።
ሣጥኖቹ አንድ ባንድ ተፈቱ፦
"ሰዓድዬ፣ ብሩ ደርሷል፣ ሙሉውን።
ግን አንቺ ምን እየበላሽ ነው?"

ሦስት ወር ሙሉ
ሣጥን ውስጥ የቆየ ጥያቄ።
መልሱን ልጽፍ "ሀ" ብዬ ጀመርኩ፣ አጠፋሁ፣ ጀመርኩ፤
የሱብሒ አዛን ሲል
ወለሉ ደርቆ ነበር።