ላይ

ከሪዮኒ ወንዝ ማዶ፣ ኩታይሲ ዳር፣
የኤተሪ ላዳ ታጨሳለች በሬ ላይ፣ እንደ ጡረተኛ ወታደር።

ባለፈው ወር ነው ሞተሯን ያወረድኩ፣
ስድስት ቀን ፈትቼ፣ አጥቤ፣ ለክቼ፣ መልሼ የገጠምኩ።
«ትንሽ ታገሺ» አልኳት ባለቤቷን፣ «አዲስ ነገር ሁሉ
እስኪላመድ ያጨሳል።» ሺህ ኪሎ ሜትር ሙሉ
ታገሠች። አይብ ጭና ጽቃልቱቦ ወጣች፣ ወረደች፣
ዘይት በጠርሙስ እየጨመረች።
ዛሬ መጣች። አልጮኸችም።
ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

ጭስ ቋንቋ አለው፤ አርባ ዓመት አንብቤዋለሁ።
ነጭ ሆኖ ቢወፍር፣ ጣፋጭ ጣፋጭ ቢሸት፣ ጓርኒሲዮኑን እጠረጥራለሁ፤
ውሃ ሾልኮ ገብቷል እሳቱ ቤት።
ጥቁር ከሆነማ ካርቡራቶሩ ነው፣ ቤንዚን የማይጠግብ ሆዳም ጎረቤት።
ይሄ ግን ሰማያዊ ነው።
የተቃጠለ ዘይት።
ከላይ ነው ወይስ ከታች የሚገባው?

ጠዋት ስትነሣ ብቻ፣ ወይ ቁልቁለት ላይ፣ እግር ከነዳጅ ሲነሣ
ብታጨስ ኖሮ የቫልቭ ጎማ ነው፤ ሌሊቱን ሲያንጠባጥብ ያደረ፤ ቀላል ነው የሱ አበሳ።
እሷ ግን ዳገት ላይ ነው፣ ጭነቱ ሲከብዳት፣
ከኋላዋ ያለውን መንገድ የሚጠፋባት።

ተማሪዬ ፒክሪያ ካንዴላዎቹን ፈታች።
አንዱ ደረቅ። ሁለተኛው ደረቅ። ሦስተኛው ላይ ቆም አለች።
«ረጥቧል» አለች።
ከታች ነው አልኩ። ማን ገጠመው ብዬ ግን አልጠየቅሁም፤
ለዚያ ፒስተን ፋሻ ያለበሰ ከኔ ሌላ እጅ የለም።

ሞተሩ ዳግመኛ ወረደ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው።
ሁለተኛውን ቀለበት አውጥታ ወደ መብራት አስጠጋችው።
«ባቶኖ አንዞር፣ እዚህ ጋ ጽሑፍ አለ፣ እንደ ቁንጫ የደቀቀ።»
«ምን ይላል?» አልኩ፣ ልቤ እያወቀ።
«ላይ» ይላል።
ላይ የሚለው ፊቱ ወደ ታች ዞሮ፣
መጥረጉን ትቶ ዘይቱን ወደ እሳቱ ሲያሻግር ከርሟል።

ላይ ብዬ ነበር፤ ሳላይ ገጠምኩ።
መነጽር አለኝ እኮ፤ በጨርቅ ጠቅልዬ ኪሴ ውስጥ የደበቅሁ፣
እንደ ሌባ ዕቃ።
ጣቴ ያያል እል ነበር። ጣት ግን ብረቱን እንጂ ፊደሉን መች ያውቃል?

ለኤተሪ ነገርኳት። «ያልተላመደው አዲሱ አይደለም፤
አሮጌው ዓይኔ ነው።» ዋጋ አልተቀበልኩም፤
እሷም ምንም አላለች፤ አንድ ድቡልቡል አይብ
ክብደት መለኪያው ላይ ትታ ሄደች።

ቅዳሜ ፒክሪያ አስነሣቻት። እኔ በመነጽር፣
ማርሚታው ጫፍ ነጭ መሐረብ ይዤ ተንበርክኬ ነበር።
«ጋዝ ስጪ!» ሰጠች። «ጨምሪ!» ጨመረች።
መሐረቡ ነጭ ነው።
ቀና ስል፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከጣሪያዎቹ በላይ
ተራራው።

በረዶ ለብሶ ኖሯል ለካ።
ከመቼ ጀምሮ ነው? ብዬ ጠየቅኋት።
«ከመስከረም» አለች፣ ሞተሩን እያጠፋች።