ሁለተኛ ማርሽ

ኦኔሲሞ ካርካሞ፣ ከሰኞ ጀምሮ፣
በሁለተኛ ማርሽ ሆነበት ኑሮ።
ዳገቱም ሁለተኛ፣ ሜዳውም ሁለተኛ፤
የቺሎዌ ዝናብ፣ እንደ ልማዱ፣ አይተኛ።
አሥራ አራት ተማሪ በእርጥብ ካፖርቱ፣
በጉም ተሸፍኖ ውስጡ፣ መስታወቱ፤
ዘንጉን ይገፋዋል፣ ይስባል፣ ያማስላል፤
እጁ ይናገራል፤ ብረቱ «አልሰማሁም» ይላል።

ሌላው ማርሽ ቢቀር ግድ አልነበረውም፤
ያለ ኋላ ማርሽ ግን ጀልባው አይወስደውም።
በጀርባ ነው መግባት፣ ይኸው ነው ሥርዓቱ፤
ሲደርስ ወደ ፊት ነው ከጀልባው መውጣቱ።
ማክሰኞ፣ መወጣጫው አፍ ላይ ተገትሮ ቢቀር፣
የበግ መኪና፣ የዓሣ መኪና ፊት ለፊቱ ሲደረደር፣
አንድ ቄስ እንኳ፣ ይቅር ይበላቸው፣ ጡሩምባ ነፉበት።
ጀልባው ሄደ።
ልጆቹ የሒሳብ ፈተና ቀረላቸው፤ አጨበጨቡለት።

የማርሹ ካቦ ቅዳሜ ደረሰ፣ በፑዌርቶ ሞንት አውቶቡስ፣
በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ የጋዜጣው የዓሣ ሽታ ገና ትኩስ።
ኮፋኖው ተከፈተ፤ ባትሪው ወረደ።
ያ ሁሉ ጣጣ ጥፍር ከምታህል ቦኮላ ኖሯል የተወለደ።
በመረብ ክር አሥሯት ነበር አምና፤
ክሩ አለ፤ እሷ የለችም፣ ዱቄት ሆናለችና።

የኦኔሲሞ ክንድ አይገባም፤ አብጧል መገጣጠሚያው።
«ኖልፋ!» አለ። ከሐሙስ ወዲህ ስሟን ሲጠራ የመጀመሪያው።
(ሐሙስ ማታ «ዋናው ምድር ሄጄ ሳልሞን ፋብሪካ እገባለሁ» ብትለው፣
ከገበታ ተነሥቶ ነበር፣ ድንቹን እንዳለ ትቶ፣ ሳይበላው።)
መጣች። እጅጌዋን ሰበሰበች።
ክንዷን እስከ ትከሻዋ፣ በሽቦና በካምቢዮ መሐል ሰደደች።

«ግፋ» ትላለች፤ ይገፋል። «በዛ! መልስ»፤ ይመልሳል።
እሱ መሪው ጋ፣ እሷ ኮፋኖው ሥር፤ መተያየት የለም፣ ድምፅ ብቻ ይደርሳል።
«ትንሽ። ትንሽ። እዚያው ያዘው። አትንካ።»

ጠቅ።

የኮት ቁልፍ ያህል ድምፅ ናት፤ ከዚያ በላይ አይደለች፤
ግን ያቺ ዘንግ፣ መዳፉ ውስጥ፣ ክብደቷን አገኘች።
«አንደኛ?» «ገባ።» «ሦስተኛ?» «ገባ።» «የኋላስ?»
ሚኒባሱ ራሱ መለሰላት፤ ዶሮዎቹ ተበታተኑ።

ሰኞ፣ ጀልባው ላይ በጀርባው ገባ፣ በመስታወት እያየ፤
ቄሱ መኪናቸው ውስጥ ሆነው እጃቸውን አነሡ፤ አላየ።
ኖልፋ ከፊት ወንበር ናት፣ ሻንጣዋ ጉልበቷ ላይ፣
ከጥፍሯ ሥር ግራሶው እንዳለ።
«ፋብሪካው ጓንት ይሰጣል?» አላት።
«ይሰጣል።»
ዘንጉን ነካ አደረገው፣ ያለ ምክንያት።
ፎሌ ላይ ነበር። ፎሌ ላይ ተወው።